«ያገባኛል» ያለች የተራራ ትምህርት ቤት



ዛሬ የምናወጋው በኢጣልያ አገር፣ በቶስካና ተራሮች መካከል ስለ ነበረች አንዲት ትንሽ ትምህርት ቤት ነው። ትምህርት ቤቷ ከአንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ጎን በሚገኝ የቄስ መኖሪያ ውስጥ የተከፈተች ነበረች። ዋናው መምህር አንድ ቄስ፣ ተማሪዎቹም የገበሬና የእረኛ ልጆች ነበሩ። ይሁን እንጂ በ1965 በዚያች ክፍል ውስጥ አንድ የጋዜጣ ቍራጭ ስለ ተነበበ መምህሩ በሮም ከተማ ፍርድ ቤት ተከሰሱ፤ ለክሱም በጻፉት መልስ ውስጥ የእኛ የኢትዮጵያውያን በደል ተነሣ። ይህ እንዴት ሊሆን እንደ ቻለ በየተራው እንመለከተዋለን። ዘመኑን የምጠራው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው፤ የአገራችንን አቈጣጠር ስጠቅስ ግን ዓመተ ምሕረት ብዬ እለየዋለሁ።

ወደ ታሪኩ ከመግባቴ በፊት ስለ ራሴ ጥቂት ልናገር። ዜና ማንበብ እንጀራዬ ነው። አንድ ቀን ማታ በሩቅ አገር በጎርፍ ስለ ሞቱ ሰዎች የሚናገር ዜና አንብቤ ወደ ቤቴ ብመለስ፣ የሰባት ዓመት ልጄ እራት ላይ «አባዬ፣ ከሞቱት ውስጥ ልጆች ነበሩ?» ብላ ጠየቀችኝ። የሙታኑን ቍጥር አስታውስ ነበር፤ የአገሩንም ስም አንዲት ፊደል ሳላዛንፍ ጠርቼዋለሁ፤ ነገር ግን ከመካከላቸው ልጆች ይኑሩ አይኑሩ በልቤ አልመጣም ነበር። መልስ አጥቼ እንጀራውን ቈረስሁ። በየትምህርት ቤቱ ሥነ ምግባርን የምናስተምረው በአንድ ክፍለ ጊዜ ነው፤ የዓለምን ወሬ ደግሞ፣ ከተነገረም፣ ጠዋት በሰልፍ ሰዓት በሚኒ ሚዲያ በኩል በጥድፊያ እናሰማለን። ሁለቱ አንድ ነገር መሆናቸውን የሚያስረዳ ሰው ፈልጌ መጽሐፍ ሳገላብጥ ያገኘሁት ይህንን የቶስካናውን ቄስ ነው።

ስማቸው ሎሬንዞ ሚላኒ ይባላል። ኢጣልያኖች ለቄስ በሚሰጡት የማዕረግ ስም «ዶን ሎሬንዞ» ይሏቸዋል፤ እኛ «አባ ሎሬንዞ» ብንላቸው ያምራል። በግንቦት 1923 በፍሎሬንስ ከተማ ከሀብታምና ከተማረ ቤተ ሰብ ተወለዱ። እናታቸው ከአይሁድ ወገን ነበሩ። በወጣትነታቸው ሥዕል ተምረዋል። ቤተ ሰቡ ለሃይማኖት ብዙም ያላደረ ስለ ነበር፣ በሃያ ዓመታቸው በ1943 የካህናት ትምህርት ቤት መግባታቸው ዘመዶቻቸውን ሳያስደንቅ አልቀረም። በ1947 ቅስና ተቀብለው በፍሎሬንስ አጠገብ ወዳለችው ወደ ካሌንዛኖ ተላኩ፤ በዚያም ለወጣት ሠራተኞች የማታ ትምህርት ቤት ከፈቱ። የአንዱን የፖለቲካ ወገን ልጅ ከሌላው ሳይለዩ በአንድ ጠረጴዛ አስቀምጠው ያስተምሩ ነበር። ያ ዘመን በኢጣልያ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለመውና ቀይ ሰንደቅ የሚከተለው ፊት ለፊት የሚተያዩበት ጊዜ ስለ ነበር፣ ይህ አድራጎታቸው ብዙ ሰው አላስደሰተም። በመጨረሻም በታኅሣሥ 1954 ባርቢያና ወደምትባል ቦታ ተዛወሩ።

ባርቢያና መንደር እንኳ ለመባል የምትበቃ አልነበረችም። ሙጄሎ በሚባለው አውራጃ፣ ጆቪ ከሚባለው ተራራ ጥግ ላይ የተበታተኑ ጥቂት የገበሬ ቤቶች፣ አንዲት ቤተ ክርስቲያንና አንድ መቃብር ነበሩባት። አባ ሎሬንዞ ሲደርሱ መኪና የሚያደርስ መንገድ፣ የኤሌክትሪክ መብራትና የቧንቧ ውሃ አልነበራትም። ሕዝቡም ኑሮው ስለ ከፋበት እየተወ ወደ ቈላው ከተሞች ይሰደድ ነበር። ብዙ ሰዎች ዝውውሩን እንደ ግዞት ቈጠሩት። የመንግሥት ሠራተኛ የሆናችሁ አድማጮቼ፣ እንዲህ ያለ ዝውውር ምን ማለት እንደ ሆነ ከእኔ ይበልጥ ታውቁታላችሁ። የታዘዘው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሻንጣውን ሳይፈታ የመመለሻውን ደብዳቤ ይጠባበቃል። እኒህ ሰው ግን በደረሱ በማግሥቱ ወርደው ከባርቢያና መቃብር ውስጥ የራሳቸውን የቀብር ቦታ ገዙ። ከዚህ አልሄድም ማለታቸው ነበር።

ትምህርት ቤቱ የተጀመረው ከዚያ ብዙ ሳይቈይ ነው። በ1956 ከአንደኛ ደረጃ በኋላ ትምህርት የቀረባቸውን 6 ልጆች ሰብስበው ማስተማር ጀመሩ፤ ከዚያም ወሬው በተራራው ላይ ሲሰማ በጫካ መንገድ በእግራቸው እየመጡ የሚማሩ ልጆች በረከቱ። ትምህርቱ በቀን ወደ 12 ሰዓት የሚጠጋ፣ በዓመትም እሑድንና በዓልን ጨምሮ 365 ቀን ነበር። ይህ ለከተማ ልጅ ቅጣት ይመስላል፤ ከትምህርት ቤት ሲመለስ የሚጠብቀው ከብት መጠበቅና በረት መጥረግ ለሆነበት ልጅ ግን ዕረፍት ነበር። የተማሪ ዴስክ አልነበረም፤ ልጆቹ ራሳቸው ከመምህራቸው ጋር የሠሯቸው ትላልቅ ጠረጴዛዎች ነበሩ። ከየመጽሐፉ አንድ ቅጂ ብቻ ስለ ነበራቸው በአንድ መጽሐፍ ላይ ተደፍተው ያነብቡ ነበር። ከፍ ያለው ልጅ ዝቅ ያለውን ያስተምራል፤ ትምህርቱ ያልገባው አንድ ልጅ ካለ ሁሉም ቆመው ይጠብቁታል እንጂ ትተውት አያልፉም። የዛሬ ሊቃውንት ስለ ማኅበራዊና ስለ ስሜት ትምህርት ረዥም ሐተታ ይጽፋሉ፤ በባርቢያና ግን ትምህርቱ ይኸው ነበር። ለጓደኛው መልሶ የሚያስረዳ ልጅ የጓደኛው ችግር ከምን ላይ እንደ ሆነ ለማወቅ ፊቱን መመልከት ግድ ይሆንበታል።

ፍርሃትንም እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት አድርገው ያስተምሩት ነበር ቢባል ማጋነን አይደለም። የተራራ ልጅ ዓይነ አፋር ነው፤ ከተማ ሲወርድ አፉ ይታሰራል። አባ ሎሬንዞ የዚህ ዓይነ አፋርነት ምክንያቱ የቃላት ድህነት ነው ብለው ያምኑ ነበር። በእርሳቸው አስተሳሰብ ባለጠጋውን ከድኻው የሚለየው ከገንዘብ ይልቅ የሚያውቀው ቃል ብዛት ነበር። ስለዚህ አንድን ቃል ይዘው ከየት እንደ መጣ፣ ምን ትርጉም እንዳለው፣ ሌላው ሰው ሲናገረው ምን ሊሰውርበት እንደሚችል እስኪገባቸው ድረስ ከልጆቹ ጋር ሲመረምሩ ይውሉ ነበር። ከከተማ ምሁር ወይም ባለሥልጣን ሊጐበኛቸው ሲመጣ ልጆቹ ከበውት ይቀመጡና ጥያቄ ይጠይቁታል፤ እንግዳውም እንደ ተፈታኝ ተማሪ ላብ ያጠምቀዋል። ውሃ ለማያውቁት የተራራ ልጆች ደግሞ አንዲት ትንሽ የመዋኛ ገንዳ ራሳቸው ቈፍረው እንዲሠሩ አደረጉ፤ ዓላማው ውሃን መፍራት እንዲተዉ ነበር። ዕድሜያቸው ከፍ ያለው ልጆች ወደ ውጭ አገር ተልከው እየሠሩ ቋንቋ ይማሩ ነበር።

ወደ ጋዜጣው እንምጣ። በባርቢያና ጋዜጣ በየቀኑ የሚነበብ መማሪያ ነበር። በከተማው ትምህርት ቤት ታሪክ የሚያልቀው ከመጽሐፉ የመጨረሻ ገጽ ላይ ሲሆን፣ በዚህ ግን የዛሬው ጠዋት ድረስ ይዘልቃል። ጋዜጣውን መምህሩ ወይም አንዱ ልጅ ጮክ ብሎ ያነብባል፤ ያልታወቀ ቃል ሲመጣ ይቆማል፤ የአገር ስም ሲመጣ ካርታ ይዘረጋል፤ ሕግ ሲጠቀስ የሕጉ መጽሐፍ ይፈለጋል። አንዲት ዐምድ ለማንበብ ብዙ ሰዓት ያልፍ ይሆናል። ለእኔ፣ አሥር ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ የዓለምን ሁኔታ ለምጨርስ ሰው፣ ይህ ነገር ትንሽ ያሳፍራል።

ከትምህርት ቤቱ ግድግዳ በአንዱ ላይ በትልቁ የተጻፈ የእንግሊዝኛ ቃል ነበር፤ «አይ ኬር» ይላል። መምህሩ ትርጉሙን ሲያስረዱ፣ ሙሉ በሙሉ ለመተርጐም እንደሚያስቸግር ገልጸው፣ ነገሩ ከልቤ ነው፣ ግድ ይለኛል እንደ ማለት ነው ብለዋል፤ የፋሽስቶችም መፈክር ተቃራኒ መሆኑን አመልክተዋል። ያ የፋሽስቶች መፈክር በአማርኛችን ሲመለስ «ምን ቸገረኝ» ነው። ኢጣልያናዊው ጥቁር ሸሚዝ ለባሽ ይህንን ቃል በደረቱና በባንዲራው ላይ ጽፎ ይፎክርበት ነበር። ለአይ ኬር ደግሞ በእኛ ቋንቋ ከ«ያገባኛል» የተሻለ ቃል የለም። ኢጣልያኖች በአንድ ቃል ሊተረጕሙት የተቸገሩትን እኛ በአንድ ቃል እንጨርሰዋለን፤ ምንም እንኳ በዕለት ንግግራችን ውስጥ ቃሉን ይበልጥ የምናውቀው «አያገባህም» በሚለው መልኩ ቢሆንም።

በየካቲት 1965 አንድ ወዳጅ ከፍሎሬንሱ «ላ ናዚዮኔ» ጋዜጣ የተቈረጠ ዜና ወደ ባርቢያና ይዞ መጣ። ዜናው ከቶስካና የመጡ ጡረተኛ የጦር ሠራዊት ቄሶች በስብሰባቸው ያወጡትን መግለጫ የያዘ ነበር። በዚያ ጊዜ በኢጣልያ ሕግ ለወታደርነት ተጠርቶ «ኅሊናዬ ጦር መሣሪያ እንድይዝ አይፈቅድልኝም» የሚል ወጣት ወደ ወህኒ ይላክ ነበር። ቄሶቹ እንዲህ ያለውን ሰው ፈሪ ነው፣ አድራጎቱም ለአገርና ለሞቱት ጀግኖች ስድብ ነው ብለው ነቀፉት። ዜናው እንደ ልማዱ በጠረጴዛው ዙሪያ ተነበበ። ልጆቹ ዓይናቸውን በመምህራቸው ላይ ተከሉ። ነገሩ ያናደዳቸው መሆኑን አባ ሎሬንዞ አልሸሸጉም፤ የታሰረን ሰው መሳደብ ነውር ነው ብለው ያስተማሩ ሰው፣ የታሰሩት ሲሰደቡ ዝም ቢሉ ከዚያች ቀን በኋላ በእነዚያ ልጆች ፊት እንዴት ይቆማሉ?

እዚህ ላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ነገር አለ። ቍጣ ቀላል ነው፤ ዛሬ በየስልኩ ላይ እንደምናየው፣ ዜና ሰምቶ ለመቈጣት አንድ ደቂቃ ይበቃል። በባርቢያና ግን ቍጣው ወደ ሥራ ተለወጠ። ቄሶቹ «ወታደር ታዛዥ ሆኖ አገሩን ጠብቋል» ካሉ፣ እስቲ ባለፈው መቶ ዓመት የኢጣልያ ጦር የተዋጋባቸውን ጦርነቶች አንድ በአንድ እንመርምር፤ ስንቱ አገርን ለመከላከል የተደረገ፣ ስንቱ የሰውን አገር ለመውረር የተደረገ ነበር? በማለት የታሪክ መጻሕፍት ተዘረጉ። ከዚያም ለቄሶቹ የሚላክ ግልጽ ደብዳቤ ተዘጋጀ፤ ፊርማው የመምህሩ ብቻ ነበር። ደብዳቤው ለብዙ ካህናትና ጋዜጦች ተላከ፤ ሙሉውን ያተመው ግን የኮሙኒስት ፓርቲው ሳምንታዊ «ሪናሺታ» ብቻ ሆነ፤ ይህም በመጋቢት 1965 ነበር። የቀድሞ ዘማቾች አመለከቱ፤ ዐቃቤ ሕጉም መምህሩንና የመጽሔቱን ዋና አዘጋጅ ሕግ እንዲጣስ አነሣሥታችኋል ብሎ ከሰሳቸው።

አባ ሎሬንዞ በዚያን ጊዜ በደም በሽታ በጽኑ ታመው ስለ ነበር ሮም ድረስ ሄደው ለመቆም አልቻሉም። በምትኩ በጥቅምት 1965 ለዳኞቹ ረዥም ደብዳቤ ጻፉ። የኢትዮጵያ ስም የሚገኘው በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ነው።

ነገሩን ለመረዳት ወደ አገራችን ጥቂት እንመለስ። ኢጣልያ በ1925 በጄኔቫ ከተማ መርዝ ጋዝን በጦርነት ላይ ማዋልን የሚከለክለውን ውል ከሌሎች መንግሥታት ጋር ፈርማ ነበር። ውሉ በተፈረመ በ10 ዓመቱ፣ በጥቅምት 1935፣ ሙሶሊኒ ለጄኔራል ግራዚያኒ ጋዝ ለመጠቀም በቴሌግራም ፈቀደ። በታኅሣሥ 13 ቀን 1928 ዓመተ ምሕረት ጠዋት በተከዜ ወንዝ አካባቢ በነበረው በልዑል ራስ እምሩ ጦር ላይ አውሮፕላኖች እንግዳ የሆኑ በርሜሎች ጣሉ። በርሜሎቹ መሬት ሲመቱ ከውስጣቸው ፈሳሽ ፈሰሰ፤ ፈሳሹ የነካው ሰው እጁ፣ እግሩና ፊቱ በውሃ ቋጠሮ ተሞላ፤ ተጠምቶ ወደ ወንዙ የወረደው ውሃው ራሱ ተመርዞ ቈየው። ራስ እምሩ ይህንን ከብዙ ዓመት በኋላ ለኢጣልያናዊው ጋዜጠኛ ለአንጀሎ ዴል ቦካ አጫውተውታል። በመጋቢት 1936 ደግሞ ሙሶሊኒ ለማርሻል ባዶልዮ ማናቸውንም ዓይነት ጋዝ በማናቸውም መጠን እንዲጠቀም ፈቃዱን አደሰለት። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሰኔ 23 ቀን 1928 ዓመተ ምሕረት በጄኔቫ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ይህንን ሁሉ ተናገሩ። ሰሚ ግን አላገኙም።

ጦርነቱ ካለቀ በኋላ በኢጣልያ የነገሩ ወሬ ታፈነ። በዘመቻው የነበሩ ሰዎች «እኔ እዚያ ነበርሁ፣ ጋዝ አላየሁም» ይሉ ነበር፤ ታዋቂ ጋዜጠኞች ሳይቀሩ ይህንን ደግመው ደጋግመው ጻፉ። ዴል ቦካ በ1965 ስለ ጦርነቱ መጽሐፍ ሲያሳትም በስድብ ናዳ ተቀበሉት። እንግዲህ በዚያው ዓመት፣ በዚያ ተራራ ላይ፣ አንድ በሽተኛ ቄስ ለዳኞች በሚጽፉት ደብዳቤ ውስጥ ይህንን ጉዳይ አነሡ። የጄኔቫን ውል ጠቀሱ፤ የሙሶሊኒን ቴሌግራሞች ከነቀናቸው፣ የአንዱንም ከነቍጥሩ አስቀመጡ፤ ንጉሠ ነገሥቱ በዚያው በመስከረም ለአንድ የኢጣልያ ሳምንታዊ መጽሔት የሰጡትን ቃል ምስክር አደረጉ። በርሜሎቹን የጣሉት ታዛዥ መኰንኖችና ወታደሮች የጦር ወንጀለኞች እንደ ሆኑ፣ ነገር ግን አንዳቸውም ለፍርድ እንዳልቀረቡ አመለከቱ።

አድማጮቼ፣ ቴሌግራሞቹ የተነበቡት በልጆች መካከል ነበር። ይህንን ሳስብ ሁልጊዜ የሚታየኝ አንድ ሥዕል አለ፤ አሥራ አራት ዓመት የሆነው የቶስካና እረኛ ስለ ተከዜ ሰው የተቃጠለ እጅ ሲሰማ። ከእነዚያ ልጆች አባቶችና አጎቶች መካከል ወደ አፍሪቃ የዘመተ ይኖር ይሆናል፤ ካለም የልጁ ልብ ምን ያህል እንደ ተጨነቀ መገመት አያዳግትም። ሰው «ለልጅ እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም» ይል ይሆናል። እኔም ሴት ልጄ እራት ላይ ስትጠይቀኝ ይህ አስተሳሰብ መጥቶብኝ ነበር። ዳሩ ግን አባ ሎሬንዞ ልጆቹን በክፉ ወሬ ላይ ጥለዋቸው አልሄዱም፤ አብረዋቸው ተቀምጠው ቀኑን፣ የቴሌግራሙን ቍጥር፣ የውሉን አንቀጽ ፈለጉ። የሌላውን ሕዝብ ሕመም እንዲሰማቸው ያደረጉት ትክክለኛውን ነገር በትክክል እንዲያውቁት በማድረግ ነው። ርኅራኄ ከማስረጃ ጋር በአንድ ጠረጴዛ የተቀመጠበት ክፍል ከዚያ በፊት ስለ መኖሩ አላነበብሁም።

ሥራቸውን የሚሠሩበት ዘዴም ይህንኑ የሚረዳ ነበር። በ1963 ክረምት ማሪዮ ሎዲ የሚባል የሰሜን ኢጣልያ መምህር ባርቢያናን ጐብኝቶ ስለ ነበር፣ የሁለቱ ትምህርት ቤቶች ልጆች ደብዳቤ ይጻጻፉ ጀመር። ከዚያ ጊዜ ወዲህ በኅብረት መጻፍ ተለመደ። እያንዳንዱ ልጅ አሳቡን በትንንሽ ወረቀት ላይ ይጽፋል፤ አንድ አሳብ በአንድ ወረቀት። ከዚያ ወረቀቶቹ በጠረጴዛው ላይ ተዘርግተው ተመሳሳዮቹ አንድ ላይ ይደረጋሉ፤ የተደገመው ይጣላል፤ ቅደም ተከተል ይወጣለታል፤ ትርፍ ቃል ሁሉ ይቈረጣል። የማን አሳብ እንደ ነበረ በመጨረሻ አይታወቅም። በመሥሪያ ቤት ረቂቅ ደብዳቤ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሲዞር ቃል እየተጨመረበት እንደሚወፍር ለምናውቅ ሰዎች፣ እየቀነሱ መጻፍ የሚባለው ነገር እንግዳ ነው።

የሮም ፍርድ ቤት በየካቲት 1966 ሁለቱንም ተከሳሾች በነጻ አሰናበተ። ይግባኙ በ1968 ሲታይ ግን ውሳኔው ተለውጦ የመጽሔቱ አዘጋጅ ተፈረደበት፤ የቄሱ ጉዳይ ሞት ስለ ቀደመው ተዘጋ። ሁለቱ ደብዳቤዎች በኋላ የታተሙበት መጽሐፍ «መታዘዝ ከእንግዲህ በጎ ምግባር አይደለም» የሚል ስም አለው። ይህ ርእስ ለመንግሥት ሠራተኛ ጆሮ ይከብዳል፤ እኔም በመጀመሪያ ሳየው ገጹን ቶሎ ገለበጥሁት። ውስጡን ሲያነብቡት ግን ስለ ሕገ ወጥነት የሚሰብክ አይደለም። መምህሩ የሚሉት፣ ልጆች ሕግን እንዲያከብሩ ማስተማር የሚገባው ሕጉ ደካማውን የሚጠብቅ ሲሆን ነው፤ ኀይለኛውን የሚያገለግል ሕግ ሲሆን ደግሞ በድምፅ፣ በንግግር፣ በሥራ ማቆም እንዲለወጥ መታገል ይገባል፤ ሕጉን በኅሊና ምክንያት የሚጥስ ሰውም ቅጣቱን በግልጽ ሊቀበል ይገባዋል፤ ሕግን የሚወድ ሰው ምልክቱ ይህ ነው የሚል ነው። ኢጣልያ ለኅሊና ተቃዋሚዎች መብት የሚሰጥ ሕግ ያወጣችው በታኅሣሥ 1972 ነው። ቄሱ ከሞቱ አምስት ዓመት አልፏቸው ነበር።

አባ ሎሬንዞ በመጨረሻው ዓመታቸው ከአልጋ ላይ ሆነው 8 ልጆች አንድ መጽሐፍ እንዲጽፉ ረዱ። «ለአንዲት መምህርት የተጻፈ ደብዳቤ» ይባላል፤ በግንቦት 1967 ታተመ። ልጆቹ በፈተና የሚወድቁት እነማን እንደ ሆኑ ከአባቶቻቸው ሥራ ጋር አስተያይተው በሠንጠረዥ አሳዩ፤ የሚወድቀውም የድኻ ልጅ መሆኑን በቍጥር አስረዱ። መጽሐፉ በብዙ ቋንቋ ተተርጕሟል። መምህሩ መጽሐፉ በታተመ በጥቂት ሳምንት፣ በሰኔ 26 ቀን 1967፣ በ44 ዓመታቸው በፍሎሬንስ በእናታቸው ቤት ዐረፉ፤ ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት በገዙት ቦታም ተቀበሩ።

ስለ እኚህ ሰው ስናገር ነውራቸውን ልሸሽግ አይገባኝም። ኀይለኛ ነበሩ፤ በልጆቹ ላይ ይጮኹ ነበር፤ ጨዋታን እንደ ጊዜ ማባከን ይቈጥሩት ነበር። ሴቶች ልጆች በዚያ ትምህርት ቤት ጥቂት ነበሩ፤ ወላጆቻቸው ስለማይልኳቸው። ትምህርት ቤቱም በአንድ ሰው ሕይወት ላይ የቆመ ስለ ነበር ሰውየው ሲሞት እርሱም አብሮ ተዘጋ። ሰባ ተማሪ በአንድ ክፍል ለሚያስተምር የእኛ አገር መምህር «በቀን 12 ሰዓት፣ በዓመት 365 ቀን አስተምር» ማለት ቀልድ ይሆናል። ይሁንና አንዲት የጋዜጣ ዐምድ በሳምንት አንድ ቀን ቀስ ብሎ ለማንበብ፣ «ይህ ነገር የደረሰበት ሰው ምን ተሰማው? እንዴትስ እናውቃለን?» ብሎ ለመጠየቅ ተራራ ላይ መውጣት የሚያስፈልግ አይመስለኝም። እኔ ከልጄ ጋር ማታ ማታ ሞክሬዋለሁ፤ አንዳንድ ቀን ትተኛብኛለች፤ አንዳንድ ቀን ግን የማልመልሰው ጥያቄ ትጠይቀኛለች።

ከቤተ ክርስቲያን በኩል የነበረው ቅሬታ በጊዜ ብዛት በረደ። በሰኔ 2017 ሊቀ ጳጳሳቱ ፍራንሲስ ወደ ባርቢያና ወጥተው በመቃብሩ ላይ ጸለዩ፤ በግንቦት 2023 በተወለዱ በመቶኛው ዓመት ደግሞ የኢጣልያ ፕሬዚዳንት ሰርጂዮ ማታሬላ በዚያው ቦታ ተገኝተው ነበር።

ስለ ጋዙ ነገር ግን የኢጣልያ መንግሥት ለረዥም ዘመን ዝም ብሎ ቈየ። የመከላከያ ሚኒስትሩ ጄኔራል ዶሜኒኮ ኮርቾኔ በኢትዮጵያ ላይ የመርዝ ጋዝ ቦምቦች መጣላቸውን በምክር ቤት ፊት ያመኑት በ1996 ነው። በዚያን ጊዜ የባርቢያና ልጆች አርባ ዓመት አልፏቸው የልጆች አባቶች ሆነው ነበር። እነርሱ ይህንን የሰሙት ከ31 ዓመት በፊት፣ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ነው።